ቤትና ከተማ፤ ግድግዳ ስለሚጋሩ የካርቱም ቤቶች

አማርኛን በመማር ላይ ያሉ ሹማምንት ወዳጆቻችን ሁለት ቃሎችን በዚህ ዓምድ እንድናብራራላቸው ጠይቀውናል። አንደኛው «ጥግግት» ሲሆን ሁለተኛው «ማፈግፈግ» ነው። ጥግግት ማለት በተወሰነ መሬት ላይ ምን ያህል ቤትና ምን ያህል ቤተ ሰብ ተጠጋግቶ እንደሚኖር የሚነግረን ቃል ነው። ማፈግፈግ ግን በጦር ሜዳ ወደ ኋላ መመለስ መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ በቤት ሥራ ሲነገር ቤቱ ከመንገድና ከጎረቤት ወሰን ስንት ሜትር ወደ ውስጥ ገባ ብሎ መቆም እንደሚገባው የሚወስነው ደንብ ማለት ነው። ቃሎቹን በባዶ ከመተርጐም ይልቅ በአንድ ከተማ ላይ አድርገን ብናሳያቸው ይሻላል ብለን፥ የዓባይ ሁለቱ ወንዞች የሚገናኙባትን የካርቱምን ከተማ መርጠናል። ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እንጽፋለን።

ካርቱምን የመረጥንበት ምክንያት አለን። ሚያዝያ 15 ቀን 2023 በዚያች ከተማ ጦርነት ተነሥቶ፥ ብዙ ሕዝብ ቤቱን ዘግቶ፥ ወይም ሳይዘጋ፥ ወጣ። በደይምና በጅሬፍ ሰፈሮች ይኖሩ የነበሩ ኢትዮጵያውያንም ጓዛቸውን ተሸክመው ወደ መተማ ኬላ ጐረፉ። መጋቢት 21 ቀን 2025 የሱዳን ጦር ቤተ መንግሥቱን ከያዘ በኋላ፥ በተከታዩ ግንቦትም የካርቱምን ክፍለ ሀገር በሙሉ እንደ ተቈጣጠረ ካስታወቀ ወዲህ፥ ከተሰደደው ሕዝብ ብዙው መመለስ ጀምሯል። የተመለሰው ሰው ያገኘው በብዙ ሥፍራ ጣራው የተገለጠ፥ በሩና የኤሌክትሪክ ሽቦው ሳይቀር የተነቀለ ቤት ነው። እንግዲህ ግድግዳው እንደ ገና ሲቆም በየት በኩል ይቁም? በቀድሞው መሠረት ላይ ከጎረቤቱ ተጣብቆ ነው ወይስ ሁለት ሦስት ሜትር ራቅ ብሎ? ይህ ጥያቄ ለመሐንዲስ ብቻ የሚተው አይደለም፤ እናት አልጋዋን የት እንደምትዘረጋ የሚወስን ጥያቄ ነው።

የካርቱም ነዋሪ የቆየ ቤቱን «ሖሽ» በሚለው ግቢ ዙሪያ ይሠራዋል። ሖሽ ማለት በግንብ ወይም በጭቃ አጥር የተከበበ ሰፊ ደጅ ነው። ክፍሎቹ በመካከል አይቆሙም፤ አጥሩን ተጠግተው፥ ብዙ ጊዜም የጎረቤቱን ግድግዳ ተደግፈው በዳር በዳር ይደረደራሉ። በመንገድ በኩል እንግዳ የሚቀበሉበት «ዲዋን» ይሆናል፤ የሴቶቹና የልጆቹ ክፍል፥ ማድ ቤቱም ወደ ውስጥ ይገባል። በሚያዝያና በግንቦት ወር የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ በላይ ሲሆን ግድግዳው ሌሊቱን እንደ ምድጃ ሙቀት ይተፋልና፥ ቤተ ሰቡ በሙሉ በጠፍር ወይም በገመድ የተጠለፈውን «አንገረብ» የሚባለውን አልጋ ወደ ሖሹ አውጥቶ ከሰማይ በታች ይተኛል። ስለዚህ ሖሹ ትርፍ ቦታ ወይም የአበባ መትከያ አይደለም፤ በዓመቱ እኩሌታ የሚያህል ጊዜ ዋናው መኝታ ቤት እርሱ ነው።

በሁለት ጎረቤታሞች የጋራ ግድግዳ ላይም አንዲት ጠባብ በር ትከፈታለች፤ ስሟ «ነፋጅ» ይባላል። ሴቶች ወደ መንገድ ሳይወጡ በእርሷ ይጠያየቃሉ፤ ልጆች ይሯሯጡባታል፤ የኀዘን ቀን የጎረቤቱ ሖሽ ለሐዘንተኛው እንግዳ ማረፊያ ሲሆን ወጥና እንጀራ፥ ማለታችን የእነርሱ ኪስራ፥ በእርሷ ያልፋል። ይህች በር የምትገኘው ሁለቱ ቤቶች አንድ ግድግዳ ስለ ተጋሩ ብቻ መሆኑን አንባቢያችን ልብ ይበል። በሁለቱ መካከል አራት ሜትር የአቧራ መተላለፊያ ቢገባ ነፋጅ የምትከፈትበት ቦታ አይኖርም።

ታዲያ የማፈግፈጉ ደንብ ከየት መጣ? ከመስከረም 2 ቀን 1898 የከረሪ ጦርነት በኋላ ሎርድ ኪችነር ፈርሶ የነበረውን ካርቱምን እንደ ገና ሲያሠራ፥ መንገዶቹን ቀጥ አድርጎ፥ አንዳንዶቹንም ሰያፍ አድርጎ አወጣቸው፤ ብዙ ሰዎች መልኩን ከእንግሊዝ ሰንደቅ ዓላማ ጋር ያመሳስሉታል። ከዚያ አስቀድሞ ማህዲውና ከሊፋው ዋና ከተማ ያደረጓት ኡምዱርማን ግን በወንዙ ዳር እየረዘመች፥ ጭቃ ለጭቃ እየተያያዘች ነበር ያደገችው። በእንግሊዞች ዘመን የመኖሪያ ቦታ በደረጃ ተከፈለ። አንደኛ ደረጃ የተባለው ሰፊ ቦታ፥ ጽኑ የሆነ የድንጋይ ወይም የሸክላ ቤት፥ ረጅም የኪራይ ውል ነበረው፤ ሦስተኛው ደረጃ ጠባብ ቦታ፥ የጭቃ ግድግዳ፥ አጭር ውል። ከ1949 እስከ 1953 ባሉት ዓመታት ከባቡር ሐዲዱ በስተ ደቡብ የነበሩት አሮጌዎቹ ደይሞች ፈርሰው ነዋሪዎቹ ወደ አዲሱ ደይም ሲዛወሩም፥ ከመንግሥት ያገኙት በመስመር የተለካ ትንሽ ቦታ ነበር፤ ቤቱን በአብዛኛው ራሳቸው ሠሩት። ግሪካዊው ዶክሲያዲስ በ1959፥ ሜፊት የተባለው የኢጣልያ ድርጅትም በ1970ዎቹ መካከል ለከተማይቱ ሰፋፊ ፕላን አወጡ፤ የደረጃው ልማድ ግን ከነፃነትም በኋላ አልጠፋም። ሹማምንቱ ይኖሩበት የነበረው በአትክልት መካከል ብቻውን የቆመ ቪላ የክብር ምልክት ሆኖ ቀረ፤ አቅም ያገኘም ሁሉ እርሱን ተመኘ።

እንግሊዞቹ ቤትን ከቤት የማራቅ ልማድ የያዙት ያለ ምክንያት አልነበረም። በአገራቸው የፋብሪካ ሠራተኛው ሰፈር ጀርባ ለጀርባ ተጣብቆ፥ ብርሃንና አየር አጥቶ ብዙ ሰው በበሽታ አልቋል። በ1875 በወጣው የጤና ሕግ ተከትሎ የመጣው ደንብ መንገዱ ቢያንስ 36 ጫማ ስፋት እንዲኖረው፥ ከቤቱም ኋላ ክፍት ቦታ እንዲተው አዘዘ። ሬይመንድ አንዊን የተባለው የከተማ ፕላን ሊቅ በ1912 ባሳተመው ጽሑፍ ማጨናነቅ ትርፍ እንደሌለው ተከራከረ። የ1918ቱም የቱዶር ዎልተርስ ሪፖርት በአንድ ኤከር ከ12 ቤት እንዳይበልጥ፥ ፊት ለፊት በሚተያዩ ቤቶች መካከልም 70 ጫማ፥ ማለት 21 ሜትር ያህል፥ እንዲኖር መከረ፤ ዋና ምክንያቱም የክረምት ፀሐይ በየቤቱ እንድትገባ ነው።

እዚህ ላይ ፀሐይዋን እንለካት። በለንደን በታኅሣሥ ወር እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ከአድማሱ 15 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ትላለች፤ ሦስት ሜትር ቁመት ያለው ግድግዳ ከ11 ሜትር በላይ ጥላ ይጥላል። በካርቱም በዚያው ቀንና ሰዓት ፀሐይ 51 ዲግሪ ላይ ናት፤ የዚያው ግድግዳ ጥላ ሁለት ሜትር ተኩል እንኳ አይሞላም። እንዲያውም በዓመት ሁለት ጊዜ ፀሐይዋ በካርቱም ሰው አናት ላይ ቀጥ ብላ ትቆማለች፤ ያን ጊዜ ጥላ ፈላጊው የግድግዳውን ሥር ተጣብቆ ቢቆም እንኳ አይጠለልም። ለንደን ጥላን ለመሸሽ ያወጣችውን ርቀት፥ ጥላን እንደ ውሃ ለሚፈልግ አገር መስጠት ከልክ ያልተሠራ ልብስ መስጠት ይመስለናል።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ፤ ሹማምንት አንባቢዎቻችን እርሳስ ይያዙ። ስፋቱ 10፥ ርዝመቱ 20 ሜትር የሆነ፥ 200 ካሬ ሜትር ቦታ እንውሰድ። በሦስተኛ ደረጃ ሰፈር የሚገኘው ይህን የመሰለ ነው። ደንቡ ለምሳሌ ከፊትና ከኋላ ሦስት ሦስት ሜትር፥ ከግራና ከቀኝ ሁለት ሁለት ሜትር አፈግፍግ ቢል፥ ለቤቱ የሚተርፈው 6 በ14፥ ማለት 84 ካሬ ሜትር ነው። የቀረው 116 ካሬ ሜትር የት ሄደ? አልጠፋም፤ ነገር ግን በቤቱ ዙሪያ እንደ መቀነት ተጠምጥሟል። በጎን ያለው መተላለፊያ ሁለት ሜትር ብቻ ስለሆነ አንድ አንገረብ ቢዘረጋበት ሰው በጎኑ አያልፍም፤ አቧራ የተሸከመው ሐቡብ ሲነሣም ቆሻሻው የሚከማችበት እርሱ ነው። ያንኑ 84 ካሬ ሜትር ቤት በአጥሩ ዳር አድርገን ከጎረቤት ጋር ብናያይዘው ግን፥ 116ቱ ካሬ ሜትር በአንድነት ተሰብስቦ 10 በ11 ሜትር ከ60 የሚሆን ሖሽ ይወጣዋል። ቦታው ያው፥ ጡቡም የጋራ ግድግዳ ስለሚኖር በጥቂት ያነሰ፥ ኑሮው ግን የተለየ ነው።

ያንን ደንብ 25 በ32 ሜትር በሆነ የ800 ካሬ ሜትር ቦታ ላይ ብናውለው፥ ለቤቱ 21 በ26፥ ማለት 546 ካሬ ሜትር ይተርፋል። እንግዲህ ባለ 800ው ለማፈግፈግ የሚሰጠው ከመቶው 32 እጅ ሲሆን፥ ባለ 200ው የሚሰጠው 58 እጅ ነው። ሕጉ ለሁለቱም በአንድ ቃል ቢናገርም የሚከፍለው ድኻው ነው።

ወደ ጥግግት ስንመለስ፥ ከአንድ ሄክታር መሬት ውስጥ 40 በመቶው ለመንገድ፥ ለትምህርት ቤትና ለአደባባይ ይተው እንበል። የቀረው 6,000 ካሬ ሜትር በ200 ሲከፈል 30 ቤት፥ በ400 ሲከፈል 15፥ በ800 ሲከፈል ሰባት ተኩል ይሆናል። አንድ ሺህ ቤተ ሰብ ለማስፈር በመጀመሪያው ልክ 33 ሄክታር፥ በመጨረሻው ልክ 133 ሄክታር ያስፈልጋል ማለት ነው። የውሃው ቧንቧ፥ የኤሌክትሪኩ ምሰሶ፥ ልጅ ወደ ትምህርት ቤት የሚሄድበት መንገድ በዚያው መጠን ይረዝማል፤ ካርቱም በረሃው ላይ ያለ ልክ የተዘረጋችበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። የሚያስደንቀው ግን፥ ያ ባለ 30 ቤት ሄክታር አንዊን ከተመኘው፥ በኤከር 12 ቤት ከሚለው ልክ ጋር እኩል መሆኑ ነው። ስለዚህ ትንንሾቹን ተያያዥ ቤቶች የተጨናነቁ ናቸው ብሎ የሚነቅፍ ሹም ቢኖር፥ የለንደኑን የአትክልት መንደር መንቀፉን አላወቀም።

ነገር ግን አንድ ወገን ብቻ ተናግረን አናልፍም፤ ተያያዥ ቤት መከራም አለው። ነሐሴ 4 እና 5 ቀን 1988 በካርቱም በአንድ ቀንና ሌሊት ያህል ጊዜ ወደ 200 ሚሊሜትር የሚጠጋ ዝናብ ወረደ፤ ይህም በዓመቱ በሙሉ ከሚጠበቀው የበለጠ ነው። «ጃሉስ» የሚባለው የጭቃ ግድግዳ ሥሩ ሲርስ እየተሟሟ ወደቀ፤ ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጥ ሰው ያለ ቤት ቀረ። የጋራ ግድግዳ ሲወድቅ ሁለት ቤት ይዞ ነው የሚወድቀው። የአንዱ ጣራ ውሃ ወደ ሌላው ሖሽ የሚፈስ ከሆነም ጠቡ ከጎርፉ በፊት ይጀምራል። ከተማይቱ የቆሻሻ ውሃ ቦይ ያላት በጥቂት ሰፈር ብቻ በመሆኑ፥ የቀረው ሕዝብ በጉድጓድ መጸዳጃ ይጠቀማል፤ 200 ካሬ ሜትሩ ቦታ ለወራሾች ለሁለት ሲከፈል ጉድጓዱ ከማድ ቤቱ ግድግዳ ሥር ይደርሳል። የእሳት አደጋ መኪናም ስፋቱ አራት ሜትር በማይሞላ ስርጥ ውስጥ አይዞርም። እኛም ርቀት ሁሉ ከንቱ ነው አላልንም። ከወንዙ ዳር መራቅን የመሰለ ማፈግፈግ ግን የሚሻል የለም፤ በ2020 ዓባይ ከልኩ በላይ ሞልቶ መንግሥት በመስከረም ወር ለሦስት ወር የሚቆይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲያውጅ፥ ይህን ያልተማረ አልነበረም።

ትልቁ ክርክር የመጣው ግን ከጭቃው ቤት አይደለም፤ ከፎቁ ነው። ሱዳን በ1999 ነዳጅ ወደ ውጭ መሸጥ ከጀመረች በኋላ እንደ አማራትና እንደ ሪያድ ባሉ ሰፈሮች ቪላው እየፈረሰ አራትና አምስት ፎቅ ያለው ቤት ይቆም ጀመር። ባለ ፎቁ «ደንቡ ባዘዘኝ መጠን አፈግፍጌአለሁ» ይላል፤ እውነትም አፈግፍጎ ይሆናል። ጎረቤቱ ግን «ሚስቴና ልጆቼ ከእንግዲህ በሖሻችን መተኛት አልቻሉም» ይላል፤ እርሱም እውነቱን ነው።

ይህንንም በሒሳብ ማየት ይቻላል። በአንደኛው ፎቅ መስኮት የቆመ ሰው ዓይኑ ከመሬት አራት ሜትር ተኩል ያህል ከፍ ይላል። የጎረቤቱ አጥር ሁለት ሜትር ተኩል ነው እንበል። ቤቱ ከአጥሩ ሁለት ሜትር ያፈገፈገ ከሆነ፥ የአጥሩ አናት የሚሸፍንለት ከአጥሩ ሥር ጀምሮ ሁለት ሜትር ተኩሉን መሬት ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ሖሽ በሙሉ ይታያል። አምስት ሜትር ቢያፈገፍግ ከስድስት ሜትር ጥቂት የሚበልጠው ይሸፈናል። ያንን 11 ሜትር ከ60 የሚሆን ሖሽ ጨርሶ ለመሸፈን ቤቱ ከዘጠኝ ሜትር በላይ መራቅ ይኖርበታል፤ የቦታው ስፋት ግን 10 ሜትር ነው! ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ፎቅ አንባቢው ራሱ ያስላው። እንግዲህ ገመናን የሚጠብቀው የሜትሩ ቍጥር አይደለም፤ መስኮቱ ወዴት ይመለከታል የሚለው ነው። የእስልምና ሕግ ሊቃውንት በቀድሞ ዘመን ጎረቤት ጎረቤቱን አይጉዳ ከሚለው መሠረት ተነሥተው መስኮት ከሰው ቁመት በላይ እንዲሆን፥ ወይም ወደ ጎረቤት ሖሽ እንዳይከፈት ይፈርዱ ነበር። ስንት ሜትር ራቅህ ብለው ከመለካት ይልቅ ምን ታያለህ ብለው መጠየቃቸው ነው።

በ1960ዎቹ በእንግሊዝ አገር በኬምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ሌስሊ ማርቲንና ላዮነል ማርች ባደረጉት ምርምር፥ ሕንፃን በቦታው መካከል እንደ ግንብ ከማቆም ይልቅ በዳር ዙሪያውን አድርጎ መካከሉን ክፍት ቢተዉት፥ ያንኑ የወለል ስፋት በጣም ዝቅ ባለ ፎቅ ማግኘት እንደሚቻል አሳይተዋል። የኡምዱርማን ግንበኛ ይህን ሳይማር ያውቀው ነበር ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

ከአገራችንም የምናስታውሰው አለ። በ1975 የወጣው የከተማ ቦታ አዋጅ ቁጥር 47 ለአንድ ቤተ ሰብ መኖሪያ እስከ 500 ካሬ ሜትር ፈቅዶ ነበር። ከ2005 አካባቢ ወዲህ ደግሞ አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም በብዛት ስትሠራ፥ ከቀበሌ ቤት የወጡ እናቶች በርበሬ የሚያሰጡበትና ድንኳን የሚተክሉበት ግቢ ፍለጋ ብዙ ተጨንቀዋል፤ ጥግግቱ ጨመረ፥ የጋራው ደጅ ግን በሕንፃዎቹ መካከል የማንም ሳይሆን ቀረ። ባለ ሥልጣኖቻችን በቤቱ ውስጥ ያለውን ካሬ ሜትር ሲቈጥሩ የደጁን ካሬ ሜትር ባይረሱ መልካም ነበር።

በደይም ሰፈር ክፍል ተከራይታ ቡና ትሸጥ የነበረች፥ በ2023 በመተማ በኩል የገባች አንዲት እናት በቅርቡ አነጋግረን ነበር። አምስት ተከራይ በአንድ ሖሽ ይኖሩ ነበር፤ ወዲያ ማዶ ያለው ሖሽ የባለ ቤቲቱ የሐጃ እኅት ነው፤ በመካከል ነፋጅ አለች። ተኩሱ በመንገድ ላይ በበረታባቸው ቀኖች ውሃና ዱቄት የተለዋወጡት በእርሷ በኩል ነው፤ ወደ ደጅ መውጣት አልተቻለምና። «እትዬ፥ የተከራያችሁት ክፍል ጠባብ አልነበረምን?» ብለን ብንጠይቃት፥ «ክፍሉስ ጠባብ ነው ልጄ፤ እዚያ ውስጥ ማን ይተኛል?» አለችን። ሐጃ ባለፈው ወር በስልክ አግኝታት የመንገዱ አጥር መውደቁን፥ የውስጡ ግድግዳ ግን መቆሙን ነግራታለች። አሁን የሐጃ ልጅ ቤቱን በአዲስ መልክ በመካከል አቁሞ ዙሪያውን ክፍት ሊያደርገው አስቧል፤ ሐጃ ደግሞ እኅቷ ሳትስማማ ግድግዳው አይነካም ብላለች። ነገሩ ገና አልተቈረጠም።

በሚመጣው ሳምንት፥ ከአንባቢዎቻችን አንዱ በጠየቁን መሠረት፥ የጋራ ግድግዳ ሲሠራ ወጪውን ማን እንደሚከፍልና የጣራ ውሃ ወዴት መፍሰስ እንደሚገባው እንጽፋለን።